«ታዲያ ውስኪ ማለት ምንድን ነው?»

ሳሎናችን ውስጥ ባለው የመስታወት ቡፌ፣ የላይኛው መደርደሪያ ላይ፣ አንዲት የውስኪ ጠርሙስ ለ14 ዓመት ተቀምጣ ነበር። አባቴ የገዛት እህቴ 10ኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት ያለፈች ሰሞን ነው። «ይህቺ የምትከፈተው በሠርጓ ቀን ነው» አለ፤ ጉዳዩ በዚያው ተዘጋ። ለእንቁጣጣሽና ለፋሲካ ቤት ሲጸዳ እናቴ ጠርሙሷን አውርዳ፣ በእርጥብ ጨርቅ ወልውላ፣ ሌብሏን ወደ ፊት አዙራ ትመልሳታለች። ዘመድ ሲመጣ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው እሷ ላይ ነው። እኛ ልጆቹም እንደ አንድ የቤተሰብ አባል ለምደናት ነበር።

የእህቴ መልስ ማታ አባቴ በገዛ እጁ አወረዳት። የሙሽራው አባት፣ አጎቶቹና ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል። ለሁሉም ትንሽ ትንሽ ቀዳላቸው። የሙሽራው አባት ቀመስ አደረጉና «እግዜር ይስጥልን» ብለው ብርጭቆውን አስቀመጡ፤ ድጋሚ አላነሱትም። ከአጎቶቹ አንዱ ግን ዕድሜውን ሙሉ ሆቴል ቤት የሠራ ሰው ነው። አሸተተ፤ ቀመሰ፤ ከዚያ ወደ አባቴ ጠጋ ብሎ «ጋሼ፣ አይከፋዎትና፣ ይሄ አረቄ ነው። ስኳር አቃጥለው ነው ያቀለሙት» አለው።

በለሆሳስ ቢልም ሁላችንም ሰማን። አባቴ ጠርሙሷን አንስቶ ወደ መብራቱ አቅንቶ አያት። ሌብሏን አነበበ። ከዚያ ማንንም ሳያይ «ታዲያ ውስኪ ማለት ምንድን ነው?» አለ።

አንድ ሁለት ሰው ቀልድ መስሎት ሳቀ። አባቴ ግን እየጠየቀ ነበር። 14 ዓመት ሙሉ የጠበቀው ነገር ምን እንደነበረ ማወቅ ፈልጎ ነው። የሚመልስለት አልተገኘም። እኔም አልመለስኩለትም፤ አላውቅማ! ይህ ጽሑፍ የዘገየው መልሴ ነው። የሚገርመው፣ ይህንኑ ጥያቄ በ1905 አንድ የለንደን ፍርድ ቤት ጠይቆት፣ መልሱ እስኪገኝ አንድ የንጉሥ መርማሪ ኮሚሽን ተቋቁሞ ወደ አራት ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ፈጅቷል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጠጥ ለማትቀምሱ ወዳጆቼም አንድ ቃል ልበል። ታሪኩ የመጠጥ ቢሆንም ጭብጡ የገበያ እምነት ነው። በርበሬ፣ ቅቤ፣ ማር፣ ዘይት የሚገዛ ሁሉ የራሱን ነገር ያገኝበታልና ታግሳችሁ አንብቡት።

◆ ኩል፣ ላብ እና ብቅል

ከቃላቱ እንነሳ። «አልኮል» የሚለው ስም የመጣው ከዐረብኛው «አል ኩሕል» ነው፤ እናቶቻችን ዓይናቸውን የሚኳሉት ያው ኩል ማለት ነው። መጀመሪያ የደቀቀ ዱቄት መጠሪያ ነበር። አውሮፓውያን ጠቢባን እጅ ሲገባ «የነጠረ ነገር» ወደሚል ፍቺ ሰፋ፤ በመጨረሻም ከወይን ጠጅ ለሚነጥረው ኃይለኛ ፈሳሽ ስም ሆነ። «አረቄ»ም ከዐረብኛ ነው፤ «ዐረቅ» ላብ ማለት ነው። አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው ስሙ ከየት እንደመጣ ማስረጃ አይፈልግም። እንፋሎቱ በመቃው ተጉዞ ቀዝቃዛ ነገር ሲነካ፣ ጠብ ጠብ እያለ፣ በእርግጥም ያልበዋል።

ስኮትላንዳውያንም ያደረጉት ከዚህ የራቀ አይደለም። በ1494 የንጉሡ የሒሳብ መዝገብ ላይ፣ ጆን ኮር ለሚባል መነኩሴ «የሕይወት ውኃ» እንዲያወጣበት ስምንት ቦል ብቅል መሰጠቱ ተጽፏል። ቦል የጥንት የእህል መስፈሪያቸው ነው። «ውስኪ» የሚለው ስም ራሱ፣ በጌሊክ ቋንቋ «የሕይወት ውኃ» ከሚለው ሐረግ ተቆርጦ የቀረ ነው።

ፈረንጅ «ማልት» ሲል፣ እኛ ብቅል የምንለውን ማለቱ ነው። ገብሱ ይዘፈዘፋል፣ ይበቅላል፣ ይደርቃል፣ ይፈጫል፣ ይጠነሰሳል፤ ከዚያ በመዳብ ጋን አብዛኛውን ጊዜ ሁለቴ ይወጣል። እኛም ሁለቴ የወጣውን «ዳግም» እንለዋለን። ይህን ለአንዲት የአርሲ ነገሌ አረቄ አውጪ ብትነግሯት የሚገርማት ነገር የለም፤ ምናልባት «ጌሾውስ?» ብላ ትጠይቃችሁ ይሆናል።

ልዩነቱ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ከጋን የወጣ ውስኪ እንደ አረቄ ሁሉ ቀለም አልባ ነው። ወርቃማውን መልኩንና የጣዕሙን ትልቅ ክፍል የሚያገኘው ኦክ ከሚባል ዛፍ በተሠራ በርሜል ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ነው። እንጨቱ ስለሚተነፍስ በስኮትላንድ አየር በየዓመቱ 2 በመቶ ያህሉ ተንኖ ይጠፋል፤ አምራቾቹ ይህን «የመላእክት ድርሻ» ይሉታል። እንግዲህ ገዢው ገንዘብ የሚያወጣው በዋናነት ለጊዜ ነው። ጊዜ ደግሞ ለአጭበርባሪ የማይመች ዕቃ ነው። ሊሠራው አይችልም፤ ሊያስመስለው ብቻ ይችላል። አባቴ የገዛው የተቃጠለ ስኳር የዚያ ያልነበረ ጊዜ ማስመሰያ ነው።

◆ የባለ ሱቆቹ ዘመን

እስከ 1823 ድረስ በስኮትላንድ ደጋማ ስፍራዎች አብዛኛው ውስኪ የሚወጣው በየሸለቆው ተደብቆ ነበር። በዚያ ዓመት ፓርላማው ቀረጡን በብዙ ቀንሶ፣ የፈቃድ ክፍያውን 10 ፓውንድ አደረገው። በቀጣዩ ዓመት ጆርጅ ስሚዝ የተባለ የግሌንሊቬት ገበሬ ፈቃድ አወጣ። ኮንትሮባንዲስት ጎረቤቶቹ እንደ ከዳተኛ ቆጠሩት፤ ከዚያ በኋላ ለዓመታት የሚንቀሳቀሰው ሁለት ሽጉጥ ታጥቆ ነበር። ውሎ አድሮ ግን ሕጋዊው አሸነፈ። ቀረጥ ሲበዛ ሰው ወደ ጫካ እንደሚገባ፣ ሲመጠን ደግሞ ወደ ሕግ እንደሚመጣ ይህ ታሪክ ጥሩ ምስክር ነው፤ በእኛም ዘንድ ቀረጥ የሚያወጡ ሰዎች ቢያነቡት አይከፋም።

በ1830 ገደማ ሁለተኛው ለውጥ መጣ። ኢኒያስ ኮፊ የሚባል የቀድሞ የአየርላንድ ቀረጥ ሹም፣ ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ የሚሠራ ረጅም የዓምድ ማንጠሪያ ሠራ። የድሮው የመዳብ ጋን አንድ ዙር ከጨረሰ በኋላ ተገልብጦ፣ ታጥቦ እንደገና ይሞላል። የኮፊ ዓምድ ግን ከበቆሎም ከስንዴም፣ በገፍና በርካሽ ያወጣል። የሚወጣው መጠጥ ጠንካራና ንጹህ ነው፤ ጣዕሙ ግን ስስ ነው። የገዛ ሀገሩ ሰዎች፣ ያን ጊዜ በዓለም ገበያ ገናና የነበሩት የአየርላንድ አምራቾች፣ «ይህማ ጣዕም የለውም» ብለው ናቁት። ስኮቶች ግን ወሰዱት። የናቁት ከብዙ ዓመታት በኋላ ገበያውን ለወሰዱት አስረክበዋል።

ሦስተኛዎቹ ባለ ታሪኮች ባለ ሱቆች ናቸው። አባቱ የሞተበት አንድ የገበሬ ልጅ፣ ጆን ዎከር፣ በ1820 ኪልማርኖክ በምትባል ከተማ የሸቀጥ ሱቅ ከፈተ። በዚያ ዘመን ባለ ሱቅ ከተለያየ ቦታ የመጣ ሻይ ቀላቅሎ፣ ጣዕሙን ከሳምንት ሳምንት አንድ ዓይነት አድርጎ መሸጥ ያውቅበት ነበር። ውስኪውም ተመሳሳይ ችግር ነበረበት፤ የአንዱ በርሜል ከሌላው አይገጥምም። በ1860 የወጣ ሕግ ቀረጥ ሳይከፈል፣ ገና መጋዘን ውስጥ እያለ፣ የብቅሉን ውስኪ ከዓምዱ ውስኪ ጋር መቀላቀል ፈቀደ። ይህን ዕድል ከያዙት አንዱ የጆን ልጅ አሌክሳንደር ነው። ባለአራት ማዕዘኑን ጠርሙስ ያመጣው እሱ ነው፤ በሳጥን ውስጥ ብዙ ይይዛል፣ በጉዞም ብዙ አይሰበርም። ሌብሉንም 24 ዲግሪ አዘንብሎ ለጠፈው፤ ጽሑፉ ጎልቶ እንዲታይ። «ቀይ ሌብል» እና «ጥቁር ሌብል» የሚሉት ስሞች በይፋ የወጡት በ1909 ነው።

አራተኛዋ ባለ ታሪክ ደግሞ ነፍሳት ናት። በ1860ዎቹ ፊሎክሴራ የምትባል፣ ከአሜሪካ የመጣች ደቃቅ ተባይ፣ የፈረንሳይን የወይን ተክል ከሥሩ መብላት ጀመረች። በ1870ዎቹ ኮኛክ ወደሚመረትበት አውራጃ ደረሰች። ያን ጊዜ የእንግሊዝ ባለጸጋ ቤት ዋነኛ መጠጥ ብራንዲ በሶዳ ነበር። ብራንዲው ሲጠፋ ቦታውን ለመውሰድ ተዘጋጅቶ የቆየው ቅይጡ ውስኪ ነው። ዛሬ ከለንደን እስከ አዲስ አበባ የቤት መደርደሪያ ላይ ውስኪ የክብር ወንበር የያዘው፣ በጣዕሙ ብቻ አይደለም ማለት ነው። ቀረጥ፣ ማሽን፣ የባለ ሱቅ ብልሃትና አንዲት ተባይ አንድ ላይ ገጥመውለት ነው።

◆ በቀቀኖቹ

ገንዘብ ሲበዛ ሌባ አይጠፋም። በ1890ዎቹ ሮበርትና ዋልተር ፓቲሰን የሚባሉ ወንድማማቾች በኤዲንብራ አጠገብ በሌዝ ከተማ ግዙፍ የውስኪ ንግድ አቆሙ። ለማስታወቂያ ሲሉ 500 በቀቀኖች «የፓቲሰንን ውስኪ ግዙ» እንዲሉ አሠልጥነው ለየመጠጥ ቤቱ እንዳደሉ ይተረካል። ባንኮች አበደሯቸው፤ ሕዝብ አክሲዮናቸውን ተሻማ። በ1898 መጨረሻ ድርጅቱ ሲወድቅ፣ ሒሳቡ የተጭበረበረ ሆኖ ተገኘ። መጋዘኑ ሲከፈትም ርካሽ የዓምድ ውስኪ ትንሽ ጥሩ ብቅል ጠብ ተደርጎበት፣ «ምርጥ የቆየ ግሌንሊቬት» እየተባለ ሲሸጥ እንደነበር ታወቀ። ሁለቱም በ1901 ታሰሩ። ከነሱ ጋር የተሳሰሩ ብዙ አምራቾችም ተከትለው ወደቁ።

ወንጀሉ የተፈጸመው ማንም ሊያየው በማይችለው ቦታ፣ በጠርሙሱ ውስጥ ነው። ሌብሉ ያማረ ነበር። በቀቀኖቹም ሥራቸውን አሳምረው ሠርተዋል። የጎደለው ገዢው ሊይዘውና ሊሟገትበት የሚችል ፍቺ ነው። «የቆየ» ማለት ስንት ዓመት ነው? «ውስኪ» ማለትስ ምን?

◆ ፍርድ ቤቱ

እዚህ ላይ ነው የአባቴ ጥያቄ የሚመጣው። በ1905 በለንደን የኢዝሊንግተን ወረዳ አስተዳደር ሁለት የመጠጥ ቤት ባለቤቶችን ከሰሰ። ክሱ የቀረበው በ1875 የምግብና የመድኃኒት ሽያጭ ሕግ ነው፤ ደንበኛ ውስኪ ጠይቆ፣ የተሰጠው በአብዛኛው ከዓምድ ማንጠሪያ የወጣ፣ ብቅሉ ጥቂት የሆነ ቅይጥ ነው የሚል። ትንሽ ክስ ትመስላለች። ዳኛው ግን በ1906 መጀመሪያ ላይ ሁለቱን ጥፋተኛ ሲላቸው የስኮትላንድ ባለ ፋብሪካዎች ተሸበሩ፤ በዚያ ፍርድ መሠረት አብዛኛው ቅይጣቸው ውስኪ አይደለም ማለት ነውና። ይግባኙ የሰሙት ዳኞች እኩል ለእኩል ተከፍለው ውሳኔ ሳይሰጡ ቀሩ።

መንግሥትም በ1908 የንጉሥ መርማሪ ኮሚሽን አቋቋመ። ከመቶ በላይ ምስክሮች ተሰሙ፤ ገበሬ፣ ባለ ፋብሪካ፣ ኬሚስት፣ ሐኪም። በ1909 የወጣው መልስ በአጭሩ ሲታይ፦ በብቅል አማካይነት ከእህል የወጣ መጠጥ ሁሉ፣ በጋንም ይውጣ በዓምድ፣ ውስኪ ነው፤ ስኮትላንድ ውስጥ ከወጣ ደግሞ ስኮች ነው የሚል ነበር። ባለ ፋብሪካዎቹ አሸነፉ። የዕድሜ ገደብ አልተቀመጠም።

ዕድሜውን ያመጣው ጦርነት ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዴቪድ ሎይድ ጆርጅ፣ የጥይት ፋብሪካ ሠራተኞች ስካር ጦሩን እየጎዳ ነው ብሎ ያምን ነበር። መጠጥን ፈጽሞ መከልከል ሲከብድ፣ በ1915 ያልቆየ ኃይለኛ መጠጥ ለገበያ እንዳይወጣ ሕግ ወጣ፤ መጀመሪያ ሁለት ዓመት፣ በ1916 ደግሞ ሦስት ዓመት ሆነ። ስካርን ለመቀነስ የተበጀው ገደብ የጥራት ማኅተም ሆኖ ቀረ። አምራቾቹ መጀመሪያ ቢያጉረመርሙም፣ ዛሬ ያንኑ ሦስት ዓመት እንደ ክብራቸው ያዩታል።

አሁን በሥራ ላይ ያለው የ2009 የስኮች ውስኪ ደንብ የዚያ ሙግት ልጅ ነው። ስኮች ለመባል ስኮትላንድ ውስጥ መውጣት፣ ከ700 ሊትር በማይበልጥ የኦክ በርሜል ቢያንስ ሦስት ዓመት መተኛት፣ ሲታሸግም ከ40 በመቶ ያላነሰ አልኮል መያዝ አለበት። ከውኃና ለቀለም ከሚሆን ካራሜል በቀር ምንም አይጨመርበትም። አዎ፣ ካራሜል፤ ያ የተቃጠለ ስኳር! ሕጉም ይፈቅደዋል። ልዩነቱ እዚያ ያለው መጠጥ መጀመሪያ ዕድሜውን ኖሯል፤ ስኳሩ የሚገባው ከበርሜል በርሜል የሚለያየውን መልክ ለማመሳሰል ነው።

◆ ጥያቄው አላረፈም

በጃፓን ማሳታካ ታኬትሱሩ የሚባል ወጣት በ1918 ስኮትላንድ ሄዶ ሙያውን ቀሰመ፤ የያማዛኪ ፋብሪካ በ1923 ተመሠረተ። የጃፓን ውስኪ በእኛ ዘመን ሽልማቶችን ሰብስቦ ዋጋው ሲሰቀል ግን፣ ከውጭ በጅምላ የመጣ ውስኪ «የጃፓን» እየተባለ ይታሸግ እንደነበር በይፋ መነጋገሪያ ሆነ። አምራቾቹ ራሳቸው ማኅበራቸው በኩል ፍቺ ያወጡት በ2021 ነው። በህንድ «ውስኪ» ተብሎ ከሚሸጠው ብዙው መሠረቱ ሞላሰስ ነው፤ ይህ ዓይነቱ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ውስኪ ሊባል አይችልም። እዚያ የተሸጠው እዚህ ክስ ነው።

ከላይ ባለው የሀብታሞች ዓለምም ያው ነው። በ2017 አንድ ቻይናዊ ደራሲ በስዊዘርላንድ፣ ሳንክት ሞሪትዝ በሚገኝ ሆቴል፣ በ1878 የተመረተ ነው የተባለ የማካላን ውስኪ አንዲት መለኪያ ወደ 10 ሺህ ዶላር በሚጠጋ ዋጋ ጠጣ። ዜናው ሲሰራጭ ሰዎች ጠርሙሱን ተጠራጠሩ። በላቦራቶሪ ሲመረመር በ1970 እና 1972 መካከል የወጣ ቅይጥ ሆኖ ተገኘ። የሆቴሉ ሰው ቻይና ድረስ ሄዶ ገንዘቡን መለሰለት። በ2018 ደግሞ ስኮትላንድ ውስጥ 55 ብርቅ የተባሉ ጠርሙሶች ተመርምረው 21ዱ ሐሰተኛ ወይም በተጻፈባቸው ዓመት ያልወጡ ሆነው ተገኙ። ምርመራው የሚሠራው በ1950ዎቹና 60ዎቹ የተደረጉት የኒውክሌር ሙከራዎች በአየር ላይ በተዉት ካርቦን ነው፤ ገብሱ ከዚያ አየር ስለተነፈሰ ዘመኑን ይናገራል። ቦምቡ ያላሰበውን ሥራ ሠራ።

እስከዚህ ድረስ ጉዳቱ የኪስና የክብር ነው። ከዚህ ቀጥሎ ያለው ግን የሕይወት ነው። በመስከረም 2012 በቼክ ሪፐብሊክ ሜታኖል የተቀላቀለበት መጠጥ ከ40 በላይ ሰዎችን ገደለ፤ መንግሥት ከ20 በመቶ በላይ አልኮል ያለው መጠጥ ሁሉ በመላ ሀገሪቱ እንዳይሸጥ ለሁለት ሳምንት ያህል አገደ። ሁለቱ ዋና ቀላቃዮች ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው። በኅዳር 2024 በላኦስ ቫንግ ቪየንግ ከተማ ስድስት ጎብኚዎች በዚሁ መርዝ ሞቱ። ሜታኖል የኢንዱስትሪ ኬሚካል ነው፤ በመቅመስም በማሽተትም ከሚጠጣው አልኮል መለየት አይቻልም። ሕመሙ ብዙውን ጊዜ የሚጠናው ከሰዓታት በኋላ፣ አንዳንዴም በማግስቱ ነው። ዓይን ሲደበዝዝ፣ ነጭ ጉም የሚታይ ሲመስል፣ «ስካሩ ነው፣ ይተኛበት» ብሎ መተው ገዳይ ነው፤ በፍጥነት ከተደረሰ ሕክምና አለው።

◆ ወደ እኛ ቡፌ

በጥቅምት 2022 መንግሥታችን መጠጥን ጨምሮ 38 ዓይነት ዕቃዎች የባንክ የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድላቸው አገደ፤ ክልከላው የተነሳው በሐምሌ 2024 የምንዛሪ ሥርዓቱ ሲለወጥ ነው። በእነዚያ ዓመታት የአዲስ አበባ መደርደሪያዎች ባዶ ሆነው አላየሁም። ሠርግ ነበር፣ መልስ ነበር፣ ጠርሙሶቹም ነበሩ። ከፊሉ በመንገደኛ ሻንጣ ገብቷል። የተቀረውስ? የ1823ቱን ትምህርት አስታውሱ።

ሐሰተኛ ውስኪ ለመሥራት ከሁሉ የሚያስፈልገው እውነተኛ ጠርሙስ ነው። ፈሳሹ ቀላል ነው፤ ብርጭቆውና ሌብሉ ግን በጓሮ አይሠሩም። ጠርሙሱ ከየት ይመጣል? ከእኛው ቤት ነው። «ቆራሌው!» ሲል ከነክዳኑ፣ ከነካርቶኑ አውጥተን የምንሸጥለት እኛ ነን። ቆራሌውን አልወቅስም፤ እሱ እንጀራው ነው። ሌብሉን ሳንልጥ የምንሰጠው እኛ ግን ለቀጣዩ አጭበርባሪ ግማሹን ሥራ ጨርሰንለታል።

ስለዚህ ለቤቱ ጠርሙስ ለሚመርጥ ሰው፣ ታሪኩ ያስተማረኝን ልዘርዝር።

1. ሌብሉን እንደ ውል አንብቡት። ስኮች የሚል ጠርሙስ ከ40 በመቶ በታች ከጻፈ ውሸት ነው። 12 ዓመት የሚል ከሆነ፣ በውስጡ ካለው ሁሉ የትንሹ ዕድሜ 12 ነው ማለት ነው። «ሲንግል ማልት» የአንድ ፋብሪካ የገብስ ብቅል ውስኪ ማለት ነው፤ «ብሌንድድ» ቅይጥ ነው። አንዱ ከሌላው ይበልጣል የሚል ሕግ የለም። «ምርጥ»፣ «ብርቅ»፣ «ልዩ» የሚሉት ግን የፓቲሰን በቀቀኖች ናቸው።

2. ገዝቶ ማስቀመጥ አያስረጀውም። ውስኪ የሚበስለው በእንጨት ውስጥ ነው፤ ጠርሙስ ውስጥ ዕድሜው ይቆማል። አባቴ ያቺን ጠርሙስ፣ እውነተኛ እንኳ ብትሆን፣ 14 ዓመት በማስቀመጡ የጨመረላት ነገር አልነበረም። ከተከፈተ በኋላ ደግሞ ጠርሙሱ እየጎደለ፣ አየር እየበዛ ሲሄድ ጣዕሙ ይዳከማል። ቁም አድርጎ፣ ከፀሐይ አርቆ ማስቀመጥ ይበቃል።

3. የምትገዙበትን ሰው ምረጡ። ከገበያው በጣም የረከሰ ዋጋ ስጦታ አይደለም። ክዳኑን፣ ማሸጊያውን፣ የፈሳሹን ከፍታ፣ በጠርሙሱ ላይ የታተመውን የምርት ቁጥር ተመልከቱ፤ ሁለት ጠርሙስ ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ከፍታቸው ከተለያየ ተውት። ደረሰኝ ጠይቁ። ባለ ሱቁ በደረሰኝ ከተኮሳተረ መልሱን አግኝታችኋል።

4. ስትቀምሱ ስሙን ደብቁት። በ1976 ፓሪስ ውስጥ ፈረንሳውያን ቀማሾች ሌብል ሳያዩ ሲቀምሱ፣ ከገዛ ሀገራቸው ስመ ጥር ወይን ጠጆች ይልቅ የካሊፎርኒያን አስበለጡ። እናንተም ሦስት ብርጭቆ ቀድታችሁ፣ የቤት ሰው ቦታቸውን ይቀያይር። ከላይ ጠበብ ያለ ብርጭቆ ሽታውን ይይዛል፤ አፍን ትንሽ ከፍቶ ማሽተት የአልኮሉን ቃጠሎ ያበርዳል። ጥቂት ጠብታ ውኃ መጨመርም ነውር አይደለም፤ በ2017 በስዊድን የተሠራ ጥናት፣ ውኃው ሽታ ሰጪዎቹን ቅንጣቶች ወደ ላይ እንደሚገፋቸው አሳይቷል። ሌብሉ ሲገለጥ የወደዳችሁት ርካሹ ሆኖ ከተገኘ፣ ገንዘባችሁን አትርፋችኋል።

5. ጥቂት ይበቃል። የቤት ባር የሱቅ መደርደሪያ አይደለም። የምትወዱት አንድ ቅይጥ፣ አንድ የብቅል፣ ከእነሱ ጎን ደግሞ የምታውቁት ሰው ያወጣው ንጹህ ዳግም ወይም ጥሩ ጠጅ። እንግዳ የሚኮራው በምትሉለት ታሪክ ነው። መጠኑንም አትርሱ፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2023፣ አልኮል ጉዳት የለውም ሊባል የሚችልበት መጠን የለም ብሏል።

6. ባዶውን አጥፉ። ሌብሉን ላጡ፤ ክዳኑን አጣምሙ። ቅቤና ዘይት ከያዘላችሁ እሰየው፤ ካልያዘ ግን ሙሉ መልኩን ይዞ ከቤታችሁ አይውጣ።

በአበው አባባል «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይባላል። ቡፌ ላይ የሚደረደሩ ብዙ ጠርሙሶቻችን እንዲህ ናቸው። የሚከፈቱበትን ቀን ስንጠብቅ፣ በውስጣቸው ምን እንዳለ ሳንጠይቅ እንኖራለን። ስኮቶች ከእኛ የበለጠ ሐቀኞች ሆነው አልነበረም ጠርሙሳቸው የታመነው። ሌቦቻቸው ታሰሩ፣ አንድ ወረዳ ሁለት መጠጥ ቤቶችን ከሰሰ፣ ዳኛ ጥያቄውን አክብሮ ጠየቀ፣ ከዚያ ሕግ ተጻፈ። እኛ ሀገር የተታለለ ገዢ አፍሮ ዝም ይላል፤ «እንግዳ ፊት አዋረደኝ» ብሎ ይቆጫል እንጂ ክስ አይመሠርትም። በርበሬውም፣ ቅቤውም፣ ማሩም እንዲሁ።

አባቴም ዝም ብሏል። የገዛበት ሱቅ ዛሬ የለም፤ ደረሰኝም አልነበረውም። በማግስቱ ጠዋት ግን፣ የመልሱ ግርግር ሳይጠራ፣ ቆራሌው በበራችን አለፈ። እናቴ ባዶዎቹን ጠርሙሶች ሰብስባ አወጣች። አባቴ ከመካከላቸው ያቺን አንዷን መዘዘ፤ በጆንያ ጠቀለላትና ጓሮ ወስዶ በመዶሻ ሰባበራት። እናቴ «ምነው፣ ቅቤ በያዘች ነበር» አለችው።

«የሌላ ሰው ሠርግ ላይ ትሄዳለች» አላት።